አባባ አንዲት ጃንጥላ እስኪጠጡ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ከመሥሪያ ቤት ያመጣሁት ለጠመቃ መዝገብ ነው። ሌላ ነገር አልጽፍበትም።

ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጥ። እናቴ ካረፈች ጀምሮ አባባ እኛ ዘንድ ናቸው፤ ስምንት ወር ሊሆናቸው ነው። ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍል ተኝተው ግድግዳ ያያሉ። በቀን ሁለት ማንኪያ ሾርባ፣ ሦስት ቃል። እህቴ ታላቄ ናት፤ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ርቃ ትኖራለች። አባባ ወደ እሷ እንዲሄዱ ወስናለች። የእሷ ቤት ምድር ላይ ነው፣ የእኛ ሦስተኛ ፎቅ ነው። የእሷ ጎረቤት ነርስ ናት፣ የእኛ ጎረቤት ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ትናንት በስልክ ስትነግራቸው አባባ አልተቃወሙም።

"እሺ" አሉ። "ግን አንዲት ጃንጥላ ጠጥቼ ነው የምነሣው።"

ጃንጥላ ማለት ጠርሙሱ ላይ ጃንጥላ የተሳለበት ቢራ ነው። አባባ የባቡር ምልክት ሠራተኛ በነበሩበት ዘመን ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ጠርሙስ ከእናቴ ጋር ለሁለት ይካፈሉ ነበር። ዛሬ በምሳ ሰዓት ልገዛ ብወጣ አከፋፋዩ ሳቀብኝ። ፋብሪካው ጃንጥላን ማምረት ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በምትኩ የአናናስ ነገር በቆርቆሮ ያወጣል። አሥራ አራት ሱቅ ዞርኩ። የለም።

ለአባባ ስነግራቸው "ምን ይደረጋል፣ እስኪገኝ እጠብቃለኋ" አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እህቴ ደግሞ በስልክ "አንድ ጠርሙስ ቢራ ነው ያቃተህ?" አለችኝ። እንዲህ ስትለኝ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው መሆኔን እረሳለሁ።

"ራሴ እጠምቀዋለሁ" አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ምሳ ሰዓት ነው፣ ቸኩያለሁ። ሊቁ (የሥራ ባልደረባዬ፤ ያላነበበው መጽሐፍ የለም፣ ግን ሁሉንም እስከ ግማሽ) ቢራ አራት ነገር ብቻ ነው ይላል፦ ውሃ፣ ብቅል፣ ሆፕ (የፈረንጅ ጌሾ)፣ እርሾ። "ባልዲ ያለው ሰው ሁሉ ይሠራዋል" አለኝ። ባልዲ ገዛሁ። ክዳን አለው።

እኔ የሚዛን መርማሪ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የከተማውን ሚዛን ሁሉ ስፈትሽ ኖሬያለሁ። የሚለካ ነገር አያቅተኝም።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ጥንስስ። ዕቃው የባለቤቴ ትልቁ ድስት። (አታውቅም።)

እርሾው በፓኬት ነው የሚመጣው፤ "11 ግራም" ተብሎ ተጽፎበታል። ማን መዘነው? ትናንት መሥሪያ ቤት ወስጄ በደንቡ መሠረት መዘንኩት። ደንቡ ዱቄት ነክ ነገር ሁሉ ከመመዘኑ በፊት በማድረቂያ ሣጥን ውስጥ በመቶ አምስት ዲግሪ ሁለት ሰዓት ይቆይ ይላል። አቆየሁት። 10.38 ግራም። ሊያታልሉን ነበር።

ብቅሉን ስቀቅል አባባ ብርድ ልብስ ተከናንበው በር ላይ ቆመው ነበር። "ሊገነፍል ነው" አሉ። ገነፈለ።

ባለቤቴ ደርሳ ምድጃውን፣ ድስቷን፣ እኔን በየተራ አየችን። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምንም ነገር ቢበላሽ ተርትራ ትጀምራለች እንጂ አትጮህም። "ድስቴን" ብቻ አለች።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

አረፋ የለም።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

አረፋ የለም። ሊቁ ትዕግሥት ይላል። እህቴ "ደረሰ ወይ?" ትላለች። ባልዲው አጠገብ ተቀምጬ ጆሮዬን ክዳኑ ላይ ስደግፍ ባለቤቴ አየችኝ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

አባባ ዛሬ ወጥ ቤት ድረስ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"እርሾውን ምን አደረግከው?" አሉኝ።

ስለ ማድረቂያው ሣጥን፣ ስለ መቶ አምስት ዲግሪው፣ ስለ ጎደለው ግራም በዝርዝር አስረዳኋቸው።

"ጋገርከው" አሉ።

"መዘንኩት እንጂ።"

"ጋግረህ መዘንከው። እርሾ እኮ ነፍስ አለው።"

አሥራ አንድ ቀን ውሃ ስወቅጥ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩበት ደንብ እንዲህ ጉድ ይሠራኛል ብዬ አላሰብኩም። ለሥርዓቱ ያህል አንድ ብርጭቆ ቀዳሁላቸው። ቀመሱ። "አይደለም" አሉ፤ "የገብስ ሻይ ነው።" ቢሆንም ጨረሱት። ከዚያ ዳቦ ጠየቁ። ዳቦ መጠየቃቸውን የምመዘግበው ምናልባት የመጠጡ ጣፋጭነት የምግብ ፍላጎት ይከፍት እንደሆነ ለማወቅ ነው።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። በሰኔ ለእህቴ ደውዬ "እኔ አልችልም፤ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው፣ ውሰጃቸው" ያልኳት ጊዜ የክፍላቸው በር ተዘግቶ ነበር? ይህ የጠመቃ ጉዳይ አይደለም።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው ጥንስስ። እርሾውን ሳልመዝን ጨመርኩ።

አባባ ቴርሞሜትሩን ነጥቀውኝ ቀኑን ሙሉ ድስቱ አጠገብ ዋሉ። "ስልሳ አምስት! ስልሳ ስድስት! ቀንስ! ቀንስ አልኩህ!" የሚመጣ ባቡር ያለ ይመስላል። የታችኛዋ ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ደበደበች። አባባ በምላሹ በከዘራቸው ወለሉን ደበደቡ። ከዘራቸውን ሲያነሡ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

አረፋ! ባልዲው ይተነፍሳል። አባባ ሄደው "ደኅና አደርክ" አሉት።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

እህቴ ደወለች፦ "ክፍላቸውን ቀለም አስቀብቻለሁ፣ መቼ ነው የሚመጡት?" ስለዚህ ዛሬውኑ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት። ሃያ አራት ጠርሙስ። ሊቁ "አልቸኮልክም?" ቢለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ጨለማ ይወዳል ስላሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደርኩት። አባባ ቆርኪ ሲያሽጉ አመሹ፤ የእሳቸው ከእኔ ይጠብቃል።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ፈነዳ።

ኅዳር 3፣ ነገሩ ከበረደ በኋላ

ቁርስ ላይ ነበርን። አንድ ድምፅ። ቀጥሎ ሁለት። ከዚያ ቁም ሣጥኑ ራሱ በሩን ከፍቶ መትፋት ጀመረ። ባለቤቴን ጠረጴዛ ሥር አስገባኋት፤ አባባን ግን ማን ይችላቸዋል፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደዚያው ሄዱ። ሃያ ሁለት ጠርሙስ በየተራ ሲፈነዳ ቆመው ይቆጥራሉ። የታችኛዋ ጎረቤት ተኩስ ነው ብላ ለሕንፃው ጠባቂ ደወለች። ጠባቂው መጥቶ በሩ ላይ ሆኖ "እጅ ስጡ!" አለ። በባዶ እጁ።

የባለቤቴ ደንበኛ ነጭ ቀሚስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። አሁን ነጭ አይደለም። ከሁለት ቀን በኋላ ለብሳው የምትሞሸር ሴት አለች፣ ባለቤቴም እንደገና ልትሰፋው ነው። ይቅርታ አልኳት። "እስቲ ዝም በል" አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ወደ አባባ ክፍል ነበር።

ከክፍላቸው ውስጥ ድምፅ ይመጣ ነበር። ሳል መስሎኝ ውሃ ይዤ ሄድኩ። ሳል አልነበረም። ትራሳቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይስቃሉ። እንባቸው በጆሯቸው ሥር እስኪወርድ። "እጅ ስጡ!" ይላሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። ውሃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። መተላለፊያው ላይ ትንሽ ቆምኩ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

የተረፉት ሁለት ጠርሙሶች ተቀመሱ። አባባ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩት፣ አሸተቱት፣ ጠጡት።

"አይደለም" አሉ። "ግን ሠፈሩ ደርሰሃል፤ ቤቱን ነው ያጣኸው።"

"ምን ጎደለው?"

"ብቅሉ። የተገዛ ብቅል የት ይሆናል? ገብሱን እኔ አበቅለዋለሁ።"

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ገብሱ አባባ አልጋ ላይ ተኝቷል። አባባ ሶፋው ላይ ናቸው። ገብሱን ብርድ ልብሳቸውን አልብሰውታል። በየስድስት ሰዓቱ ይገላብጡታል፤ ባለቤቴም በሌሉበት እንድትገላብጥ አዝዘዋታል፤ እሷም ትገላብጣለች። በዚህ ቤት ሰው ሆኖ መኖር ከብዷል፣ ገብስ ነው የተመቸው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ከሥራ ስመለስ አባባ የሉም። ሐኪሙ የከለከላቸውን ሦስት ፎቅ ወርደዋል። ደሜ ተንተከተከ። ወፍጮ ቤት አገኘኋቸው፤ ከወፍጮው ባለቤት ጋር ስለ ወንፊት ይጨቃጨቃሉ። ስንመለስ ሁለት ጊዜ ብቻ አረፉ። እኔ ሦስት ጊዜ።

ማታ በመሥሪያ ቤቱ ተንቀሳቃሽ ሚዛን መዘንኳቸው። በጥቅምት 51.2 ኪሎ ነበሩ። ዛሬ 54.7። ልዩነቱ ከምን እንደመጣ መዝገቡ አያሳይም። ሚዛኑን ደግሜ ፈተሽኩት፤ ትክክል ነው።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

የአብሮ አደጌን የሥጋ ሻጩን ሚዛን አሸግኩ። በኪሎ አሥራ አምስት ግራም ይጎድላል። "እኔንም?" አለኝ። "ሚዛኑን ነው እንጂ አንተን አይደለም" አልኩት። ደንብ ደንብ ነው። ከእንግዲህ ሥጋ ከሌላ ቦታ መግዛት ይኖርብናል።

ለአባባ ስነግራቸው "በሕይወትህ አንድ ቀን እንኳ ዋሽተህ ታውቃለህ?" አሉኝ። አስቤ አስቤ አጣሁ። "ያሳዝናል" አሉ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ሦስተኛው ጥንስስ፣ በአባባ ብቅል። ሙቀቱ አልዋዠቀም። ምንም አልገነፈለም፣ ምንም አልተጋገረም። ቤቱ ሁሉ ሸተተ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ቁርጠት ይዞኝ ዋለ። ቢራው ከሠመረ አባባ ይሄዳሉ፤ የተስማማነው እንደዚያ ነው። የቁርጠቱ መንስኤ ትናንት የበላሁት እንቁላል ይሆናል።

ኅዳር 29፣ እሑድ

እህቴ ቀን ቆርጣለች። ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ። ቢራው ደረሰም አልደረሰም። "ለቢራ ተብሎ አዛውንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይንጠለጠልም" አለች። ልክ ናት። "ልክ ነሽ" አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ባልዲውን ሁለቴ አየሁት።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ጠርሙስ ተሞላ። በዚህ ጊዜ በወጉ ጠብቀን ነው። ቁም ሣጥኑ ተከልክሏል፤ መታጠቢያ ቤት ነው ያለው። ሰው ሲታጠብ ሃያ አራት ጠርሙስ ያዩታል።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ይህን ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ራሴን አሳምኜ አስቀረዋለሁ።

ከአባባ ጋር ትርፍ ጠርሙስ እያጠብን ነበር። እሳቸው ያጥባሉ፣ እኔ አደርቃለሁ። ቀና ሳይሉ "በሰኔ ልክ ነበርክ" አሉኝ።

"በሰኔ ምን?"

"በስልክ ያልከው። 'አልችልም' ያልከው። ልክ ነበርክ። እኔም ብሆን እኔን አልችለኝም ነበር።"

በሩ አልተዘጋም ነበር ማለት ነው። ስድስት ወር ሙሉ ይህን ይዘው ነው ግድግዳ ያዩት። "ይቅር ይበሉኝ" ማለት ነበረብኝ። "አባባ፣ አይሂዱብኝ" ማለት ነበረብኝ። ከዚያ ይልቅ ቆርኪው ካለፈው ጊዜ የተሻለ ጥራት እንዳለው አስረዳኋቸው። አንድ ሁለት ደቂቃ ስለ ቆርኪ አወራሁ። አባባ በትዕግሥት ሰሙኝና ሌላ ጠርሙስ አቀበሉኝ።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ታላቁ ቅምሻ። ሊቁም ተጋበዘ።

አረፋው ሁለት ጣት። ቀለሙ ልክ። ባለቤቴ ከሁሉ ቀድማ ቀመሰችና ቆመች። "ይሄ እኮ ራሱ ጃንጥላ ነው" አለች። ሊቁ ግማሽ ጠጥቶ (በልማዱ) "ምንም አይወጣለትም፣ ራሱ ነው" አለ። እኔም ቀመስኩ። ለመናገር አልደፈርኩም።

አባባ ጠጡ። ሁላችንም አፋቸውን አየን። ብርጭቆውን እስከ ታች አወረዱት፣ ከንፈራቸውን ጠረጉ።

"አይደለም።"

"ምን ጎደለው አባባ?" አለች ባለቤቴ።

"እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም። አንድ ሁለት ዙር ይፈልጋል። እስቲ ሌላ ክፈቺ፣ ልመርምረው።"

አራት ጠርሙስ መረመሩ። ሊቁ "ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእርስዎ ሆድ ግን ምስጢር ጠባቂ ነው" አላቸው። አባባ "ብቅሉ ደካማ ቢሆን ነዋ" ብለው አምስተኛውን አስከፈቱ።

ዕቃ ስናጥብ ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ የምርህን ምንም አይገባህም?" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ስለ ሆፑ መሰለኝ። "አይደለም" ሲሉ ግን ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣልኝ ያህል ቀለለኝ። ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። ሌላ ዙር በሳምንት አይደርስም።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ሻንጣ። ባለቤቴ ሸሚዞቻቸውን ስትተኩስ ታለቅሳለች፣ እንፋሎቱ ነው ትላለች። እንቅልፍ የለኝም። ሥራ ላይ አንድ የአትክልት ሚዛን ሁለት ጊዜ አተምኩ።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

እህቴ ከሌሊት ተነሥታ በስድስት ሰዓት በመኪና ደረሰች። አባባ ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸው እግራቸው ሥር ሆኖ ተቀምጠዋል። ሳመቻቸው፣ ተመለከተቻቸው፣ "ወፍረዋል እንዴ?" አለች።

ከዚያ ከቦርሳዋ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ስትፈታው ጃንጥላ። እውነተኛዋ፣ የፋብሪካዋ። ባለቤቷ ከአንድ ሆቴል ምድር ቤት ያገኛት የመጨረሻዋ ናት። የጠርሙሷ ወረቀት ጠርዙ ተልጧል እንጂ ሥዕሉ አለ። እህቴ ክፉ አይደለችም፤ አባቷን አስደስታ ልትወስድ ነው የደከመችው።

"ይኸው አባባ። ጠጡና እንሂድ።"

ቆርኪውን ከፈተች፣ ቀዳች። አባባ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጎንጨት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ፤ ፊታቸው ላይ ያለፈውን ነገር እዚህ ልጽፈው አልችልም፣ እናቴ አጠገባቸው የተቀመጠች ይመስል ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ።

"አይደለም" አሉ።

"አባባ! ፋብሪካው የሠራው ነው እኮ! ቆርኪውን ፊትዎ ነው የከፈትኩት!"

"እንግዲያው ፋብሪካውም አልቻለበትም።"

ባለቤቴ ፎጣውን አፏ ላይ ይዛ ወጥ ቤት ገባች። እህቴ ፊቷ ቀልቶ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ቅመሰው" አለች። "የገዛ አብሮ አደግህን ሚዛን ያሸግክ ሰው ነህ። አንተ ያልከውን እቀበላለሁ። ነው ካልክ አሁኑኑ እንነሣለን።"

አባባ አላዩኝም። መሬት መሬት ያያሉ። ጉልበታቸው ላይ ያለው እጃቸው ግን ኮቱን ጨብጦ ነበር።

ቀመስኩ። ነው። ያለ አንዳች ጥርጥር እሱ ነው፤ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ብርጭቆ ጣቴን ነክሬ የላስኩት፣ መጨረሻ ላይ ምላስ ሥር የምትቀር መራራ ጣዕም ሳትቀር። የእኛም ሦስተኛው ጥንስስ ከእሱ አንዲት ፀጉር አይለይም።

"አይደለም" አልኩ።

እህቴ ሁለታችንንም አየችን። ብርጭቆውን ከእጄ ወስዳ የቀረውን ቁጭ ብላ ጠጣችው፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ። ከዚያ "ደክሞኛል፣ ዛሬ እዚሁ አድራለሁ" አለች።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ለመዝገብ ያህል፦ ናሙናው ዘጠኝ ሰዓት በመኪና ተንገላቷል፣ ሙቀቱ አልተመዘገበም። በደንቡ መሠረት ማመሳከሪያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የሰጠሁት ቃል ስሕተት የለበትም።

ይህን ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስቴም ሰረዝኩ። ዋሽቻለሁ። ዋሽቼም እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ጠዋት እህቴን እስከ መኪናዋ ሸኘኋት። ደረጃው ላይ ቆም ብላ "ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርጭቆዎቹን የማጥበው እኔ ነበርኩ" አለችኝ። "ከማጠቤ በፊት የተረፈውን እየጨለጥኩ። ጃንጥላን አውቀዋለሁ።" አንገቴን ደፋሁ። ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገችኝ፣ እንደ ልጅነታችን፣ አሳመመችኝም። "መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ስጣቸው፤ ካልሆነ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ" ብላ ሄደች።

ስመለስ አባባ ሻንጣቸውን ፈትተው ሸሚዞቻቸውን ይሰቅላሉ።

"ውሸት አትችልበትም" አሉኝ። "ጆሮህ ቲማቲም መስሎ ነበር።"

"እርስዎስ?"

"እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ተለማምጃለሁ።"

በዚያች ደቂቃ ስለ ቆርኪ ማውራት እችል ነበር። አፌም ጀምሮት ነበር።

"አባባ፣ ይቆዩልኝ" አልኳቸው። "ቢራው ሆነም አልሆነም። እኔ ጋ ይኑሩልኝ።"

የያዙትን ሸሚዝ መስቀያው ላይ አስተካከሉ፣ አንገትጌውን ቀና አደረጉ፣ ዞረው አዩኝ።

"ታዲያ ይህን ለማለት" አሉ፣ "ሦስት ባልዲ ታስጠምቀኛለህ?"